ዙልፋ የሞተችለት ጣሪያ

ዙልፋን የክትትል ኮሚቴ አባል አድርገው የመረጧት በሌለችበት ነው። ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብላ ባለችው ቀበሌ፣ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሊሠራ ነው ተብሎ ሕዝቡ የተሰበሰበ ለት እሷ ፍየሎቿን ይዛ መርሳ ገበያ ነበረች። ግንባታውን የሚከታተል ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። አንዲት ሴትም ትኑርበት ተባለ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ስብሰባ ያልመጣች ሴት ግንባታም አትመጣም፣ ስሟ ይግባና ሥራውን እኛ እንጨርሰዋለን ብለው ዙልፋን አስመዘገቡ። እንዲህ ያለ ስሕተት ዙልፋን ከሚያውቅ ሰው አይጠበቅም ነበር። እነሱ ደግሞ ያውቋታል። አብረዋት አድገዋል፣ በሠርጓ በልተዋል፣ ባሏን ቀብረዋል፣ በአጥርና በመስኖ ውሃ ስንቴ ተካሰዋታል። ይህን ሁሉ አይተው ዝም ትላለች ብለው ተስፋ ማድረጋቸው ያስገርማል።

ከገበያ ስትመለስ ጎረቤቷ እታፈራሁ ከአጥር ላይ ሆና ነገረቻት።

«ተመርጠሻል አሉ።»

«ለምኑ?»

«ለከብት ሐኪም ቤቱ። ሥራውን እንድትከታተይ።»

ዙልፋ የፍየሎቹን ገመድ እንደያዘች ቆመች። ምን እንዳሰበች ለእታፈራሁ ገብቷታል። ዙልፋ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ አሁን በሩቅ ከተማ የሚኖሩትን ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው ሻሼ በምትባል፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ባላት አንዲት ላም ወተት ነው። ሻሼ ጥጃዋ ተጣሞባት ምጥ በያዛት ለት የሚያዋልዳት ባለሙያ ያለው መርሳ ብቻ ነበር። ዙልፋ ላሟን እየገፋችም እየለመነችም በአስፋልቱ ዳር ወሰደቻት፤ የመርሳ ቆርቆሮ ቤቶች ከሩቅ መታየት ሲጀምሩ ሻሼ ተኛች፤ ተኝታም ቀረች። ዙልፋ እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጣ አልቅሳለች፤ ማልቀሷን ግን ማንም እንዲያነሳባት አትወድም።

«ከነገ ጀምሮ እገባለሁ» አለች።

ገባችም። ሥራው በጥር 2013 ሲጀመር ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት የመሠረቱ ድንጋይ የተቀመጠ ለት መጥተው፣ የታረደውን በግ በልተው፣ ሁለተኛ አልታዩም። ዙልፋ ግን ፍየሎቿን ከግቢው ጥግ ካለች ግራር ሥር አስራ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ፎርማኑ መልካሙ የሚባል የወልድያ ልጅ ነው፤ ትዕግሥተኛ ሰው ባይሆን ኖሮ በሁለተኛው ቀን ጥሏት ይሄድ ነበር። ይህ ምንድን ነው? ያኛውስ? አሸዋው ለምን ይነፋል? ብሎኬቱን ለምን ውሃ ታጠጡታላችሁ፣ ይበቅላል? መልካሙ ሁሉንም ይመልሳል፣ እሷም ሁሉንም አታምንም።

አንድ ቀን እሱ ለዕቃ ግዢ ወልድያ ሄዶ ሳለ ዙልፋ በማከሚያው ክፍል ግድግዳ ግርጌ አንድ ቀዳዳ አየች። ሰነፎች፣ አንድ ብሎኬት ለመቆጠብ ቤቱን አይጥ ሊያስገቡበት ነው! ብላ ጮኸች። ግንበኞቹ ተዉ ይቅር ቢሏት አልሰማም አለች፤ ጭቅጭቋን ፈርተው ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈኑት። መልካሙ ሲመለስ ራሱን ያዘ። ለካ ቀዳዳው ወለሉ ሲታጠብ የደምና የእበቱ ውሃ የሚወጣበት ነው። መሮና መዶሻ ይዘው ሲፈለፍሉት ዋሉ። ወሬው መንደሩን አዳረሰና እነዚያ ከበጉ ወዲህ ያልታዩት የኮሚቴ ሰዎች ሊስቁባት ተሰብስበው መጡ።

ዙልፋ የፈለፈሉትን ፍርስራሽ በባልዲ እያወጣች ነበር። ቀና አለች።

«አዎ ተሳስቻለሁ» አለቻቸው። «ቆሜ ነው የተሳሳትኩት። እናንተ የት ተቀምጣችሁ ነው ያልተሳሳታችሁት?»

ከዚያ ወዲያ የሳቀባት የለም፤ ቢያንስ ፊት ለፊት። ግንበኞቹም ወደዷት፤ ከምሳቸው ያካፍሏት፣ ስትዘገይ «ዛሬ ተቆጣጣሪያችን የት ቀረች?» ይሉ ጀመር። ለዙልፋ ግን ጨዋታ አልነበረም። ይህ ቤት ጣሪያ ለብሶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ አንዲት ላም እንኳ ገብታ ድና ስትወጣ ካላየች ሻሼ ሁለቴ የሞተች ያህል ነው የምትቆጥረው።

ሐምሌ ላይ ግድግዳው አልቆ የጣሪያው ቆርቆሮ መጣ። በርና መስኮት ገና ስላልተገጠመ መልካሙ ቆርቆሮውን ዙልፋ ቤት አስገባው። ነሐሴ ሲገባ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። መንገዱ በሰው ተሞላ፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ በሽተኛ ያዘለ፣ ዶሮ ያቀፈ፣ ሁሉም ወደ ደሴ። መልካሙ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ከመንጠልጠሉ በፊት እየሮጠ መጣ።

«እትዬ ዙልፋ፣ ቆርቆሮውን አደራ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሚስቴ እርጉዝ ናት።»

«አደራ በልቼ አላውቅም። ሂድ፣ ልጅህን በሰላም ያገናኝህ» አለችው።

እሷ አልሸሸችም። ፍየሎቼን ማን ያያል ብላ ነው ያለችው፤ ሰው ሁሉ ግን የከብት ሐኪም ቤቱን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል። በማግስቱ አሮጌ የማሽላ አገዳ ተሸክማ ወጥታ፣ ክረምቱ እንዳያበላሸው የግድግዳውን አናት ስታለብስ ዋለች። የመድፍ ድምፅ እየመጣ እሷ አገዳ ታስራለች። እታፈራሁ «አንቺ ሴት፣ ውረጂ!» ብላ ከሥር ብትጮህ፣ «ገመድ አቀብዪኝ» አለቻት።

ታጣቂዎቹ አገሩን ከያዙ በኋላ ኑሮው ሌላ ሆነ። ገበያ ቀረ። ሦስት አራት ሆኖ መቆም ተከለከለ፤ ለቀብር ካልሆነ በቀር ሰው እንዳይሰበሰብ ታዘዘ። የትምህርት ቤቱ በሮች ተነቅለው በመኪና ሲሄዱ ሁሉም በዓይኑ አየ። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት፣ ድምፁ ረጋ ያለ አንድ አዛዥ ከሁለት ሰዎች ጋር ዙልፋ ደጅ ቆመ። ማን እንደጠቆመው አይታወቅም። ገብቶ ቆርቆሮውን አየ፣ በእጁ መታ መታ አደረገው።

«የመንግሥት ነው፣ አይደል እናቴ?»

«የከብት ነው» አለች ዙልፋ።

ሰውየው ፈገግ አለ። «ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል። እስከዚያ እርስዎ ይጠብቁልናል። አንዲት ብትጎድል የምንጠይቀው እርስዎን ነው፤ ሌላ ሰው አንጠይቅም።»

ይህን ብሎ ሄደ። ዙልፋ እስኪርቅ ደጃፏ ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ እታፈራሁን ጠራቻት። «አያ ሞላን ጥሪልኝ። ሼህ ጀብሪልንም። ዛሬ እሞታለሁ።»

አያ ሞላ የቅሬው ዳኛ ናቸው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እዚህ ግን ከዚያ ይጠብቃል። እስላሙም ክርስቲያኑም ቅሬው አንድ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ሞፈር የጨበጠ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል። ቅሬ የሌለው ሰው በሕይወቱም ቢሆን ግማሽ ሰው ነው፤ ሲሞት ደግሞ የሚያነሳው የለም። ሕጉም አጭር ነው፤ ቅሬው አንድን አባል አንዴ ይቀብራል፣ ሬሳ ሳይኖር ጡሩምባ ያስነፋ ከቅሬ ይወጣል።

አያ ሞላ ዙልፋን ሰምተው ሲጨርሱ ከዘራቸው ላይ ተደገፉ።

«እኔን ብቻ ነው የምንጠይቀው ብሏል» አለች ዙልፋ። «እኔ ከሞትኩ ማንን ይጠይቃል? መንገድ የሚያሳልፉት ቀብር ብቻ ነው። ቆርቆሮው በእኔ ቃሬዛ ይውጣ።»

«ሕጉን ረሳሽው? ነገ በእውነት ስትሞቺ ማን ያነሳሻል?»

«ሻሼን ማን አነሳት?»

«አንቺ ላም ነሽ እንዴ!»

«አይደለሁም አያ ሞላ። ግን ይህ ቆርቆሮ ከሄደ አንቱም እኔም የከብት ሐኪም ሳናይ ነው የምንሞተው። ከብቱ ሐኪም ይኑረው፣ እኔን አሞራ ይብላኝ።»

«ኧረ ባፍሽ አትጥሪ!» አለች እታፈራሁ አማትባ።

ሼህ ጀብሪል እስካሁን አልተናገሩም ነበር። «እኔ ቆርቆሮ ላይ አልሰግድም» አሉ። «በሙታን መካከልም አላስገባውም። ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆፍሩ። ቆሜ ዱዓ ባደርግ ግን የሚከለክለኝ የለም። ለማን እንደማደርግ እኔና አላህ እናውቃለን።»

የቀረው የሞቷ ምክንያት ነበር። ጠዋት ቆማ የታየች ሴት ከቀትር በኋላ ሬሳ ስትሆን አንድ ነገር መባል አለበት። እታፈራሁ «በድንጋጤ ሞተች እንበል፣ አዛዡ አስፈራርቷት ሄዶ» አለች። ዙልፋ ደም ሥሯ ተገተረ።

«እኔ? በድንጋጤ? ሌላ በሽታ ጠፋ?»

እስከ ዛሬም ከዚያ ሁሉ ነገር የምታዝነው በዚህ ነው። ጊዜ ስላልነበረ ግን በድንጋጤ ሞተች።

ጡሩምባው ተነፋ። ምሥጢሩን ያወቁት አያ ሞላ፣ ሼሁ፣ እታፈራሁ፣ ጡሩምባ ነፊውና ቃሬዛውን የሚሸከሙት ብርቱ ብርቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ሌላው ሕዝብ በእውነት መጣ። ቆርቆሮው እንዳይንኳኳ በየመሃሉ ጆንያ ገብቶበት፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ በዙልፋ ጋቢ ተሸፍኖ ቃሬዛ ላይ ተቀመጠ። ዙልፋ እታፈራሁ ቤት ተደብቃ በግድግዳው ስንጥቅ የራሷን ቀብር ታያለች።

መጀመሪያ ያየችው ዓለምነህን ነው። ዓለምነህ አንድ እግሩ የሚያነክስ፣ እርሻው ከእሷ እርሻ ጋር የሚዋሰን ሰው ነው። በድንበር ተጣልተው ሦስት ዓመት ቃል አልተለዋወጡም። አሁን ግን እያነከሰ፣ እየተደናቀፈ ከሩቅ ይመጣል፤ ነጠላውን አፉ ላይ ይዟል። ሲደርስ «ሳንታረቅ! ዙልፋ፣ ሳንታረቅ!» ብሎ ጮኸ። ዙልፋ ይህን ስትሰማ ወጥታ አለሁ ልትለው እጇ ሳንቃው ላይ ደረሰ። ነጠላዋን ነክሳ ተመለሰች። ዓለምነህ ተሸካሚዎቹን አልፎ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ። ተው፣ እግርህን አሞሃል ቢሉት አልለቅም አለ። ምን ይበሉት? ተሸከመ።

አስፋልቱ ዳር ካለው ቦይ ላይ ሲደርሱ ቃሬዛው ዘመመና ከጋቢው ሥር ቆርቆሮው ኳ አለ። ኬላው ላይ የነበሩት ታጣቂዎች ቀና አሉ። እታፈራሁ በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ናት፤ በዚያች ቅጽበት ድምፅዋን ለቀቀችው፦

አንቺ የሰፈር ቁጡ፣ አንቺ የሰፈር ኃይለኛ፣
ከእንግዲህስ አፈር ካንቺ ጋር ይዳኛ!

ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ለቅሶው ቀለጠ። ሙሾ የማይወዱት ሼህ ጀብሪል ያን ለት ምንም አላሉም። ዙልፋ በስንጥቁ እያዳመጠች «ቆይ ብቻ» አለች ለራሷ።

አንዱ ታጣቂ ስምንት ሰው ሲያልበው አይቶ ጠጋ አለ። «ምን ዓይነት ሬሳ ነው ይህን ያህል የከበደ?»

«ነገር ትወድ ነበር፤ እሱ ነው የከበደን» አሉ አያ ሞላ።

ሰውየው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ መንገዱን ለቀቀ። ቆርቆሮው ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ ከቁልቋሉ ሥር ተቀበረ። ሼህ ጀብሪል እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ኋላ ሲጠየቁ ዱዓው በሕይወት ላሉት እንደነበረ ተናግረዋል።

ዙልፋ ፊቷን ሸፍና ከቀብር ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ወደ ተራራው ወጣች። እዚያ የእታፈራሁ እናት ቤት አለ። በማግስቱ መኪናው መጣ፤ ቆርቆሮው የለም። አዛዡ አያ ሞላን ቢጠይቃቸው «እሷ ናት የምታውቀው፣ እሷን ጠይቋት» ብለው መቃብሩን አሳዩት። ቤቷን በርብረው፣ ሁለት ፍየል ወስደው ሄዱ። ዙልፋ ከተራራው ላይ በየቀኑ ቁልቁል ታያለች። ግድግዳው ቆሟል። አገዳው በነፋስ ከተገለጠ ትበሳጫለች፤ እታፈራሁ ስንቅ ይዛ ስትወጣ ከሰላምታ በፊት «በስተ ምሥራቅ ያለው ጥግ ተገልጧል፣ ሄደሽ እሰሪው» ትላታለች። ሞታም ክትትሉን አልተወችም።

ነገር ግን ሹክሹክታ ተራራም አይመልሰውም። ዙልፋ አልሞተችም፣ ጡሩምባው የውሸት ነበር የሚለው ወሬ በየቤቱ ገባ። ለታጣቂዎቹ የነገረ የለም፤ ሁሉም ግን አወቀ። በኅዳር የዓለምነህ ሚስት ብርሃኔ ታመመች። ሐኪም የለም፣ መድኃኒት የለም፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ጡሩምባው ተነፋ። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ሰማና፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊደብቁ ነው? ተባባለ። በዚያ ላይ ፍርሃት አለ። የመጣው ሰው ለቃሬዛው እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ዓለምነህ በዚያ እግሩ የገዛ ሚስቱን ቃሬዛ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

እታፈራሁ ይህን ተራራው ላይ ስትነግራት ዙልፋ የያዘችውን ቆሎ መሬት ላይ ደፋችው። ብርሃኔ ጨዋ ሴት ነበረች፤ ባሏ ከዙልፋ ጋር በተጣላበት ዘመን እንኳ በጓሮ በኩል ሰላም ትላት ነበር። ዙልፋ ያን ቀን አልበላችም። ለመጀመሪያ ጊዜም ቤቱን ለማየት ወደ ገደሉ አፋፍ አልወጣችም።

በታህሳስ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ። ዙልፋ በጠራራ ፀሐይ ከተራራው ወረደች። ያየቻት አንዲት ልጅ «ቢስሚላህ!» ብላ ማሰሮዋን ጣለች። ዙልፋ ወደ ቤቷም፣ ወደ ግንባታውም አልሄደችም፤ በቀጥታ ዓለምነህ ደጅ ደርሳ «ዓለምነህ፣ እኔ ነኝ» አለች። ዓለምነህ አያትና በሩን ዘጋባት።

ቅሬው ዋርካው ሥር ተቀመጠ። አያ ሞላ ከዳኝነቱ ድንጋይ ተነሥተው «ጡሩምባውን ያስነፋሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ ላይ ልፈርድ አልችልም» ብለው ወርደው ከዙልፋ ጎን ቆሙ። ዓለምነህ ተነሣ። ብዙ ሰው ይጮኻል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልጮኸም።

«እኔ በሷ ቀብር አልቅሻለሁ» አለ። «ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ቆርቆሮ ተሸክሜ ነው ያለቀስኩት። ይህንን እተወዋለሁ፤ ለአገር ነው ብላችሁኛል፣ እሺ። ብርሃኔ ስትሞት ግን ጡሩምባው ውሸት መሰላችሁ። ሃያ አምስት ዓመት የእናንተን ሬሳ ስታጥብ፣ ለለቅሶ ቤታችሁ ውሃ ስትቀዳ የኖረች ሴት ሰው አጥታ ወጣች። እኔ ሕጉን ነው የምጠይቀው።»

አንዳንዶቹ ሴትዮዋ ባለ ውለታ ናት፣ ይቅር እንበላት ማለት ጀመሩ። ዙልፋ ተነሥታ አቋረጠቻቸው።

«ይቅርታ አልጠየቅኩም» አለች። «ስለ ቆርቆሮው ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም። ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ፤ ወላሂ አደርገዋለሁ። ሕጉ ግን ሕግ ነው። ከቅሬው አውጡኝ። ስለ ብርሃኔ ነው የምናገረው።» ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረች። «ለእኔ ያወጣችሁት ቀብር የውሸት ነበር። እውነተኛው እናንተ ዘንድ አለ፤ ዕዳችሁ ነው። እሱን ለብርሃኔ አውጡላት። ሁላችሁም፣ አንድ ሰው ሳይቀር። እኔን ከእንግዲህ አታንሡኝ።»

እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለው እሑድ ቅሬው በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ጡሩምባ አስነፍቶ ወጣ። ድንኳን ተተከለ፤ እታፈራሁ ስለ ብርሃኔ አለቀሰች፤ የዚያን ቀን ሙሾ ግን ቀልድ አልነበረበትም። ዓለምነህ የሰውን ብዛት አይቶ ተንበረከከ። ዙልፋ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነበር፤ አባል አይደለችምና አልገባችም። ዓለምነህ ፊቱን አዙሮ በአጠገቧ አለፈ።

በየካቲት መልካሙ ተመለሰ፤ ልጅ ወልዶ፣ ከስቶ። ቆርቆሮው ሲወጣ መንደሩ በሙሉ ሊያይ መጣ። ጠርዝ ጠርዙን ዝገት ነክቶታል፣ አንዳንዱም ተጣሟል። መልካሙ ፊቱን አጨማድዶ «እትዬ ዙልፋ፣ አዲስ ልናስመጣ እንችላለን፤ ትንሽ ብንጠብቅ...» ሲል አላስጨረሰችውም።

«ይህ ጣሪያ ቀብር ወጥቶበታል። የሚወጣው እሱ ነው። አቅናውና ምታው!»

ቀጥቅጠው አቃኑት፣ ቀለም ቀቡት፣ መቱት። ሚስማር ሲመታ ዙልፋ ከሥር ቆማ ስትጮህ ዋለች፤ ተራርቋል፣ ጠጋ አድርጉት፣ ያኛው ሚስማር ጠማማ ነው። ሁለቱ ትክክል ነበሩ፣ ሌላው ስሕተት። በግንቦት ሜሮን የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ተመደበችና በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባችው ምጥ የያዛት የአንዲት ባልቴት ላም ናት። ጥጃው በሕይወት ሲወጣ ዙልፋ ወደ ውጭ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ የጠየቃት የለም።

በነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና ተነሣ። ቆቦ ተያዘ ተባለ። መንገዱ እንደ አምናው በሰው ተሞላ። ሜሮን መድኃኒቱን ይዘሽ ወደ ደሴ ውጪ ተባለች። አንዳንድ ሰዎች ጣሪያውን አውርደን እንደገና እንቅበረው ብለው መጡ።

«አይወርድም» አለች ዙልፋ። «አንዴ ወጥቷል።»

«እትዬ ዙልፋ፣ እርስዎስ አይሄዱም?» አለቻት ሜሮን ሣጥኑን መኪና ላይ እያስጫነች።

«አንቺ ሂጂ። መድኃኒቱ ተመልሶ ይምጣ። ቁልፉን ስጪኝ።»

በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ዓለምነህ በሬውን እየጎተተ መጣ። የበሬው ሆድ ተነፍቶ መተንፈስ አቅቶታል። ሾፌሩ እየጮኸ፣ ሜሮን የሥራ ጋውኗን መልሳ ለበሰችና በሬውን ከብት ሲታከም በሚታሰርበት ማቆሚያ ውስጥ አስገብታ አከመችው። ሆዱ ሲተነፍስ ድምፁ እስከ መንገዱ ተሰማ። ከዚያ ሮጣ መኪናው ላይ ወጣች፤ መኪናውም ሄደ። ዝናብ ጀመረ። ዓለምነህና ዙልፋ ከክሊኒኩ ጣሪያ ሥር ቀሩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? አትሄጂም?» አላት። በድንበር ከተጣሉ ወዲህ ፊት ለፊት ያናገራት ገና አሁን ነው።

«ቤቱን እጠብቃለሁ።»

«ቢገድሉሽስ? ቅሬ የለሽ። ማን ያነሳሻል?»

ዙልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። «ቀብሬን ሰጥቻለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። ቀብር የሌለው ሰው ምን ብሎ ይሞታል? የምሞትበት የለኝምና አልሞትም። የሚመጡ ከሆነ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።»

ዓለምነህ መንገዱን አየ። ሰው አሁንም ይተማል። በሬውን ከማቆሚያው አወጣና ከጣሪያው ሥር ካለው ምሰሶ ጋር አሰረው። እግሩን በእጁ አስተካክሎ ከዙልፋ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ከሞትሽ እኔ አነሳሻለሁ» አለ።

ዙልፋ ዘወር ብላ አየችው።

«ከባድ ነኝ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ዓለምነህ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን እያየ። «አንዴ ተሸክሜሻለሁ።»